ጀማነህ ሌን

አባቴ «አይ፣ ይቅርብኝ» በማለቱ የቀረብንን ነገር ልዘርዝር ብል ይመሻል። የብርድ ካፖርት ቀርቶብናል። የልደት ኬክ ቀርቶብናል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ደህና ፍሪጅ ቀርቶብናል። ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ አንዲት አሜሪካዊት ደውላ «በስምህ መንገድ ልንሰይም አስበናል» ስትለው «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» ብሎ ስልኩን እንደዘጋ ስሰማ አልተገረምኩም። ደሜ ግን ፈላ።

የነገረኝ ራሱ ነው፤ ያውም እንደ ዋዛ። ቅዳሜ ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒቱን ይዤለት ኮሎምበስ፣ ሂልቶፕ ሰፈር፣ ቤቱ ሄጄ ነበር። የሣር ማጨጃውን ገልብጦ ምላጩን ይሞርዳል።

«ትናንት ከዚያ ከተማ ደውለው ነበር» አለኝ።

«ከየትኛው ከተማ?»

«ከክለቡ ከተማ። ሜዳውን ቤት ሊሠሩበት ነው አሉ። ከመንገዶቹ አንዱን በኔ ስም ሊሉት ፈልገው።»

«እና ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ፤ አይሆንም አልኳቸው» አለና ምላጩን በአውራ ጣቱ ሞከረ።

አባቴን ሰው ሁሉ ጋሽ ጀማነህ ነው የሚለው። ሰማንያ ሊሞላው ነው። እናቴ ላቀች ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ኖርዝላንድ ሰፈር እኔ ጋ ግባ ስለው «የናንተ አፓርትመንት ሣር የለውም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ የለውም። የሱ ግቢ ግን ትንሽ ብትሆንም የሰፈሩን ሰው ሁሉ ታሳፍራለች። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሣር ሲያጭድ ኖሮ የራሱን ሲያገኝ ቀና እንዲል እንኳ አይፈቅድለትም።

ከሱዳን የመጣነው እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ያስመጣን ከኮሎምበስ በስተ ምሥራቅ አርባ ደቂቃ በምትርቅ ትንሽ ከተማ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዚያች ከተማ እኛን የሚመስል ሰው ቢገኝ መስታወት ውስጥ ብቻ ነው። አባቴ ብዙም ሳይቆይ ከተማዋ ጫፍ ላይ ያለው ካንትሪ ክለብ ሣር አጫጅ ሆኖ ገባ፤ እናቴ እዚያው ፎጣ አጣቢ ሆነች። ታናሽ ወንድሜ ባሮክ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ሠርቶ፣ ከዚያ ነው ጓዛችንን ጠቅልለን ኮሎምበስ የገባነው።

ክለቡ ማለት እንግዲህ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ነጭ ቤት ነው። ከቤቱ በታች የጎልፍ ሜዳው፣ ከሜዳው መሀል ኩሬ፣ ከቤቱ ጎን መዋኛ ገንዳ። የከተማዋ ሐኪም፣ ጠበቃው፣ የመኪና ነጋዴው፣ ሁሉም አባል ነበሩ። እኛ አባል አልነበርንም፤ ቢሆንም ክለቡን ከአባላቱ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ የሚጠብቀን ሰው ስላልነበረ አባታችን ገና ጎህ ሲቀድ በዚያች ትንሽ የሜዳ መኪና ከኋላ ጭኖን ይዞራል። ኳሱ የሚገባባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ ያለው ሣር እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነው፤ በጫማ መርገጥ ክልክል ነው። ጫማችንን አውልቀን ስንሮጥበት ጤዛው ላይ የእግራችን ዳና ይቀራል። አባቴ ያንን ዳና በማጨጃው ሳያጠፋ አንድም አባል ሜዳ ረግጦ አያውቅም። ከዚያ ኩሬው ዳር እንወርድና የሰመጡትን ኳሶች በረጅም የሣር መሰብሰቢያ ሬክ እየጎተትን እናወጣለን። ባሮክ ሁለት ጊዜ ኩሬው ውስጥ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ የገፋሽኝ አንቺ ነሽ ይለኛል። ውሸቱን ነው፤ የገፋሁት አንዴ ብቻ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ የወጥ ቤቷ ሴትዮ በጓሮ በር የተረፈ ሃምበርገር ትሰጠናለች። ረቡዕና ዓርብ ግን አባቴ ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ ይመጣል፤ ጾም ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሃምበርገሯን የናቅን መስሏት ተቀይማ ነበር። በኋላ ሲገባት በነዚያ ቀናት የተጠበሰ ድንች በትልቅ ወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጥልን ጀመር። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ «እናንተ ሰዎች ምን አጠፋችሁ?» እያለች ሁለት ሳምንት ሙሉ ድንች ስትጠብስልን ትሰነብታለች።

ከሁሉ በላይ ግን ሰኞ። ሰኞ ክለቡ ለአባላት ዝግ ነው፤ ገንዳው የኛ ነው። ባሮክ ፊደል ሳይቆጥር ዋና ቻለ። እኔ ከከፍተኛው መዝለያ አፍንጫዬን ይዤ ስዘል እናቴ በልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት ብቅ ብላ «በስመ አብ!» ትላለች። አባቴ ገንዳው ዳር ቆሞ ያየናል፤ እሱ ውሃው ውስጥ አንድ ቀንም ገብቶ አያውቅም። አሁን ነርስ ሆኜ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሰው ሁሉ ሰኞን ሲረግም እኔ ብቻ በሰኞ ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ ጤናዬን ይጠራጠራሉ።

ታዲያ ያ ክለብ ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ ሞቱ፣ ልጆቻቸው ጎልፍ አይወዱም፣ ኮቪድ መጣና የቀረውን ጨረሰው። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ መኪናዬን አቁሜ አየሁት። የነጩ ቤት መስኮቶች በጣውላ ተመትተዋል። ገንዳው አፈር ተሞልቶ አረም በቅሎበታል። አባቴ ከጥፍር ከፍ እንዲል የማይፈቅድለት ሣር ወገቤ ደርሷል። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ንዴት ነው እንጂ ሐዘን አልነበረም። አንድ ሰው ጉልበቱን የጨረሰበት ነገር እንዴት በአንዴ ዱር ይሆናል? ማን ሠርቶት እንደነበር እንኳ የሚያውቅ ሳይኖር?

እንግዲህ «አይሆንም አልኳቸው» ሲለኝ አንጀቴ ለምን እንዳረረ ይታያችሁ።

የአባቴን «አይ» ደግሞ አውቀዋለሁ። የኛ ሰው «ብላ» ሲባል ሆዱ እየጮኸ «በልቻለሁ» ይላል። «ኧረ ቅመስ» ሲባል «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። «በሞቴ!» ሲባል ያን ጊዜ እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ሕጉ የትም አልተጻፈም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የማያውቁት አሜሪካኖች ናቸው። በመጣንበት ዓመት በረዶ ሲጀምር የክለቡ ማኔጀር ወፍራም ካፖርት አምጥቶ «ትፈልገዋለህ?» አለው። አባቴ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለ። ሰውየው «ኦኬ» ብሎ ካፖርቱን መልሶ ሰቀለው። አባቴ ያን ዓመት በሹራብ በረዶ ሲዝቅ ከረመ፤ ካፖርቱ ቢሮው ውስጥ ተሰቅሎ ከረመ። እናቴ ይህን ባነሳች ቁጥር በሳቅ ትፈርስ ነበር። እኔን አያስቀኝም።

ሲለምኑት ግን እሺ እንደሚል በዓይኔ አይቻለሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን ግቢ ሣር የሚያጭደው እሱ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት በንግሥ ዕለት ካባ ሊያለብሱት ጠሩት። «አይገባኝም» አለ። ካህኑ ደገሙት። «ኧረ ሌላ ሰው አለ» አለ። ሦስተኛ ሲጠሩት ተነስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደና ለበሰ። ካባው ዛሬ ሳሎኑ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ ላስቲኩን ይገልጠዋል።

እዚያው ግቢው ውስጥ ቆሜ ለባሮክ ደወልኩ። ባሮክ የሚኖረው እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ደብሊን ነው፤ አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።

«ሲስ፣ ሂ ሴድ ኖ» አለኝ። «ኖ ማለት ኖ ነው። ፑሽ አታድርጊው።»

«አንተ እዚህ ተወልደህ ስለ ይሉኝታ ምን ታውቃለህ?»

«ዳድን አውቀዋለሁ።»

«ታውቀዋለህ! በዓመት በዓል ብቻ ብቅ እያልክ!»

«ሰብሊ፣ ሚቲንግ አለኝ» ብሎ ዘጋው። ያ ልጅ በቅዳሜም ሚቲንግ አለው።

በማግስቱ ለሴትዮዋ ራሴ ደወልኩ። ዶና ትባላለች፤ የከተማዋ ምክር ቤት ሰብሳቢ ናት። በልጅነቷ አባቷ የክለቡ አባል ነበር፤ አባቴን ታስታውሰዋለች። አዲሶቹ መንገዶች ሁሉ በጎልፍ ቃላት ሊጠሩ ሲሉ፣ አንዱ እንኳ ያን ሜዳ ባሳመረው ሰው ስም ይሁን ብላ የተከራከረችው እሷ ናት። እምቢ ስላላት አዝናለች፤ ፈቃዱን አክብራ ሌላ ስም ልታወጣ ነው።

እኔም አስተማርኳት። የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም አልኳት፤ ሁለተኛውም አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ እሺ አይልም። «ይግደረደራል፤ እናንተ ግን አትተዉት» አልኳት።

«ኦ፣ ዛት ኢዝ ሶ ቢዩቲፉል!» አለች፤ ድምፅዋ ሳይቀር ራሰ። የመንገዶቹ ስም በሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ ይዤው እንድመጣ ጋበዘችን።

ለአባቴ «ፊት ለፊት ሊያነጋግሩህ ይፈልጋሉ» አልኩት። በቀላሉ ይስማማል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እሱ ግን «እኔው ራሴ እንድነግራቸው ከሆነ ደግ፤ እሄዳለሁ» አለ። ይኸው፣ ሁለተኛው «አይ» መጣ፣ አንድ ቀረን አልኩ በሆዴ። ራሴን አደነቅኩ።

የስብሰባው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ በሩ ላይ ጠበቀኝ። መኪና ውስጥ እኔ አፌ አላርፍ አለ። ስለ ኳሶቹ አወራሁ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ባሮክና ስለ ኩሬው። አባቴ ፈገግ እያለ ይሰማኛል። ስለ ሰኞ ስጀምር ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሰኞ ሰኞ ለምን እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ክለቡ ዝግ ስለሆነ ነዋ።»

«የወጥ ቤቷ ልጆች መቼ ነበር የሚዋኙት?»

አሰብኩ። ፀጉራቸው ቀይ የሆነ ሁለት ልጆች ነበሯት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባላቱ ልጆች ጋር ሲንቦጫረቁ አጥሩን ተደግፌ አያቸው ነበር። የሠራተኛ ልጆች መሆናቸውንም አውቃለሁ። ሁለቱን ነገር ግን አንድ ቀንም አገናኝቼ አላሰብኩትም።

«ማኔጀሩን ጠይቄዋለሁ» አለ አባቴ። «የኔም ልጆች ይግቡ አልኩት። ሰኞ ይግቡ አለኝ። ደግ አልኩ። ከዚያ፣ ሰኞ ማታ እናንተን ቤት ካደረስኩ በኋላ ተመልሼ የገንዳውን ማጽጃ፣ ክሎሪኑን፣ እጥፍ አድርጌ እንድጨምር አዘዘኝ። ማክሰኞ አባላቱ ሳይገቡ። የወጥ ቤቷ ልጆች ሲወጡ እንደዚያ አድርግ ብሎኝ አያውቅም።»

ከፊቴ ያለውን የጭነት መኪና ተከተልኩት።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ትስቁ ነበራ። እየሳቃችሁ ምን ብዬ ልንገራችሁ?»

ቀጠለ። «ሣራቸውን አጨድኩ፣ ደሞዜን ከፈሉኝ፣ ተለያየን። ቂም አልያዝኩባቸውም። ስሜን ግን እዚያ አልተውም። ካፖርቱን እምቢ ያልኩት እየፈለግኩት ነው። ይኼን እምቢ ያልኩት ስለማልፈልገው ነው። ያቺ ሴትዮ ስትደውል፣ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ በገዛ ፈቃዴ እምቢ የምለው ነገር ገና አሁን መጣልኝ ብዬ ደስ ነው ያለኝ።»

ንዴቴ መሄጃ አጣ። ማኔጀሩ ሞቷል። ክለቡ የለም። የቀረው አባቴ ነው፤ አባቴ ላይ ተናደድኩ። ዕድሜ ልኩን ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘውን ነገር፣ ስብሰባው ሊጀመር ሲል፣ ሃይዌይ ላይ ያወጣዋል? የደበቀን ለኛው ብሎ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ባሰብኝ። ሰኞን የሰጠኝ እሱ፣ የወሰደብኝም እሱ፤ ሲሰጠኝም ሲወስድብኝም አላማከረኝም።

«አባዬ፣ አንድ ነገር አድርጌያለሁ» አልኩት፤ ለዶና ያልኳትን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

ሰምቶኝ ሲያበቃ «ግድ የለም፣ እነግራቸዋለሁ» አለ። «እንግሊዝኛዬ ለኖ አያንስም።»

ዶና የአዳራሹ በር ላይ ጠበቀችን። አባቴን እንደ ዘመድ እቅፍ አደረገችው። ጎትቼ ወደ ጥግ ወሰድኳትና «ዶና፣ ተሳስቼ ነው የነገርኩሽ። እውነቱን ነው፤ አይፈልግም» አልኳት። ክንዴን ጨበጥ አድርጋ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። «ገብቶኛል፣ አታስቢ» አለችኝ። የኔንም «አይፈልግም» ከመግደርደር ቆጥራዋለች። እንደገና ላስረዳት ስል ስብሰባው ተጀመረ።

አዳራሹ ሞልቷል፤ አብዛኛው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ አንዳንዶቹን ከሜዳው አውቃቸዋለሁ። ዶና ስለ አባቴ ተናገረች። ያማረ ንግግር ነበር። ፀሐይ ሳይወጣ ሜዳው ላይ እንደሚያዩት፣ አንድ ቀን ቀርቶ እንደማያውቅ፣ እንደሱ ያለ ሣር በክፍለ ሀገሩ እንዳልነበረ ተናገረች። ከዚያ ወደሱ ዞራ «ሚስተር ጀማነህ፣ ይህን መንገድ በስምህ እንድንጠራው ትፈቅድልናለህ?» አለች።

አባቴ ተነሳ። ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ኖ» አለ። «ታንክ ዩ። ኖ።»

እንደዚያ ጥርት አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አዳራሹ ግን ፈገግ አለ። ዶና ለሁሉም አስቀድማ ነግራቸዋለች።

«እንደገና እንለምንሃለን» አለች።

«አይ ዶንት ዋንት ኢት» አለ አባቴ። «ማይ ኔም፣ አይ ዶንት ዋንት ሂር።»

«እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» አለች ከኋላዬ ያለች ሴት። ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ ሽማግሌ ሁለት ጣቱን ወደ ላይ አውጥቶ አሳየ፤ ሰዉ ሳቀ። ሦስተኛው ላይ ዶና ብቻዋን አልጠየቀችም፤ አዳራሹ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ፕሊስ!» አለ።

አባቴ ወደኔ ዞረ። በሕይወቴ ያን ያህል እርጂኝ ብሎ ያየኝ ሰው የለም።

ተነሳሁ። «እውነቱን ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ። «አልፈልግም ነው የሚላችሁ። እባካችሁ አትሰይሙት።»

ሳቁ። ደግ ሳቅ ነበር፤ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ዶና ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ልጅቱም እንደ አባቷ!» አለች። «እሷንም ሦስት ጊዜ እንለምናት እንዴ?» አለ ያ ጣቱን ያወጣው ሽማግሌ። የክሎሪኑ ነገር አፌ ላይ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ሳቁ ጸጥ ይላል። አባቴ አየኝና ራሱን ቀስ አድርጎ ወዘወዘ። የሱ ሆድ የያዘውን እኔ በሰው ፊት ልዘርግፈው? ዋጥኩት፤ ሲወርድ አቃጠለኝ።

ድምፅ ተሰጠ። የተቃወመ የለም። ሰዉ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። አባቴ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ሰው ሲያከብርህ ሌላ ምን ይደረጋል።

መኪና ማቆሚያው ላይ በሩን ከፈትኩለት። «ነገ ጠዋት ደውዬ አሰርዘዋለሁ» አልኩት።

«ምን ብለሽ?»

«አባቴ አይፈልግም ብዬ ነዋ!»

«ካጨበጨቡልኝ በኋላ? ነውር ነው» አለ። «አቅፋኛለች እኮ። አልቅሳለች እኮ። አሁንማ በምን አፌ እምቢ እላለሁ?»

«እምቢ ብለህ ነበራ! ሦስቴ! እኔም እምቢ ብዬ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። ወደ መኪናቸው የሚሄዱት ሰዎች ዞረው አዩን፤ ፈገግ ብለው እጃቸውን አውለበለቡልን። አባቴም አውለበለበላቸው።

ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። እኔ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ።

«እዚያ ስትነሺ ሰምቼሻለሁ» አለኝ።

«ምን ዋጋ አለው፣ አባዬ? ሌላ ማን ሰማኝ?»

«እኔ ሰማሁሽ» አለ። ከረባቱን ፈታ፣ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ብቻ አሁን እንደጮህሽው፣ እዚያ ውስጥ ብትጮሂልኝ ኖሮ።»